ተጠያቂው ሕዝብ ጠያቂ ሲሆን፦ ስለ ነባር ሕዝቦች የአእምሮ ጤና ጥናት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ያነበበውና የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። በካናዳ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድና በአሜሪካ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች በአእምሮ ጤናቸው ላይ የሚደረገውን ጥናት ራሳቸው ይምሩት፣ ከጥናቱ በሚቀዳው ፖሊሲም ላይ ወሳኝ ድምፅ ይኑራቸው የሚለውን አካሄድ አጥብቆ ይነቅፋል። ጽሑፉ በጥሩ ብዕር የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለእነዚህ ሕዝቦች ክፉ የሚያስብ ሰው አይመስለኝም። እንዲያውም ከየአንቀጹ ጀርባ የሚታየው ገና በወጣትነታቸው ሕይወታቸውን ስለሚያጠፉ ልጆች ያደረበት እውነተኛ ጭንቀት ነው። የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው ብዬ ስለማምን በየነጥቡ መልስ ልሰጥበት ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ክርክሩን ሳላዛባ ላስቀምጠው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ድባቴም ሆነ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የትም ቢሆን ያው ሕመም ስለሆነ ማስረጃውም ለሁሉም አንድ ነው፤ ማኅበረሰቡ ራሱ ጥያቄውን አውጥቶ፣ መልሱን ሰብስቦ፣ ትርጉሙንም ከሰጠ በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የጎሣ ምክር ቤቶችን ፈቃድ መጠበቅ ዓመታት ይፈጃል፤ በመሐል ሰው ይሞታል። ሦስተኛ፣ መረጃው በማኅበረሰቡ እጅ ከዋለ ደስ የማያሰኘው ውጤት ይቀበራል። አራተኛ፣ «ማኅበረሰብ» የሚባል አንድ አካል የለም፤ በስሙ የሚናገሩት ጥቂት አለቆችና ሽማግሌዎች ሲሆኑ የሴቶችና የወጣቶች ድምፅ ይዋጣል። አምስተኛ፣ ለአሥርት ዓመታት ምክክር ሲደረግ ኖሮ ራስን የማጥፋት ቁጥር አሁንም ከፍተኛ ስለሆነ አካሄዱ አልሠራም፤ ይባስ ብሎም የተረጋገጠውን ሕክምና በባህል ሐኪም እየተካ ነው።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ የቃል መደበላለቅ ላጥራ። ጽሑፉ ማማከርንና መምራትን እንደ አንድ ነገር ቆጥሯቸዋል። ረቂቅ ፖሊሲ ካለቀ በኋላ የመንግሥት ሰዎች ከዋና ከተማ መጥተው፣ በአንድ አዳራሽ ለሁለት ሰዓት አስተያየት ተቀብለው፣ ረቂቁን እንዳለ ይዘው ቢመለሱ ይህ ምክክር ይባላል። መምራት ሌላ ነው። በካናዳ ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የራሳቸውን የጤና ጥናት ሲያካሂዱ በ1998 አራት መርሆዎችን አወጡ፦ መረጃው የማን ነው፣ ማን ይቆጣጠረዋል፣ ማን ያገኘዋል፣ በማን እጅስ ይቀመጣል የሚሉ። በ2007 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 23 እነዚህ ሕዝቦች የሚመለከቷቸውን የጤና መርሐ ግብሮች በመቅረጽና በመወሰን ንቁ ተሳታፊ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ያን መግለጫ 144 አገሮች ሲደግፉት የተቃወሙት አራት ብቻ ነበሩ፤ አራቱም ጽሑፉ የሚያነሣቸው አገሮች ናቸው። ሁሉም እስከ 2010 መጨረሻ አቋማቸውን ለውጠው ደግፈውታል። ይህን ታሪክ የማነሣው ጸሐፊው «ለአሥርት ዓመታት ተሞክሮ ያልሠራ» የሚለው አካሄድ በእነዚህ አገሮች መንግሥታት ዘንድ በመርህ ደረጃ እንኳ ተቀባይነት ያገኘው በቅርቡ መሆኑ እንዲታወቅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ድባቴ የትም ቢሆን ድባቴ ነው የሚለውን በከፊል እቀበላለሁ፤ የሰው ልጅ አእምሮ በድንበር የተከፋፈለ አይደለም። ሕመሙ አንድ ነው ብሎ ከመቀበል ተነሥቶ ሕመሙን የምንለይበት ጥያቄም አንድ ይሁን ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ አገሮች ክሊኒኮች የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መለያ መጠይቅ አለ። በማዕከላዊ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከተለያየ ቋንቋ ተናጋሪ አቦርጂናል (የአገሩ ነባር ተወላጅ) ወንዶች ጋር ተቀምጠው ይህን መጠይቅ ጥያቄ በጥያቄ ሲፈትሹት፣ በእንግሊዝኛው የተጻፈው ስሜት በእነዚያ ሰዎች አነጋገር በሌላ በኩል እንደሚገለጥ ተረዱ። ነገሮችን የማድረግ ፍላጎትና ደስታ አጥተህ ታውቃለህ የሚለው ጥያቄ፣ ሁሉ ነገር ታክቶህ ምንም ላለመሥራት ፈልገህ ነበር ወደሚል ተለወጠ። የመደበርና የተስፋ መቁረጥ ጥያቄውም ደስታ ማጣትን፣ መደበርንና ፈጽሞ ደኅና አለመሆንን ከዘረዘረ በኋላ መንፈስህ አዝኖ ነበር ወይ የሚል ሐረግ ተጨመረበት። ቁጣና የአገር ናፍቆትም በዚያ አካባቢ የድባቴ መልክ ሆነው ታዩ፤ በመደበኛው መጠይቅ ግን አንዳቸውም አይጠየቁም።

እንግዲህ ጸሐፊው እዚህ ላይ ይህማ ግምት ነው ሊል ይችላል። የተሻሻለው መጠይቅ ግን በግምት አልቀረም። በ10 የጤና ጣቢያዎች በ500 ያህል ሰዎች ላይ ከተሟላ የምርመራ ቃለ መጠይቅ ጋር ተነጻጽሮ ተፈተነና ውጤቱ በ2019 ታተመ። ድባቴ ካለባቸው 100 ሰዎች 84ቱን ለይቷል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 77ቱን በትክክል ነፃ ብሏል። ማኅበረሰቡ የጥያቄውን ቃል መረጠ፤ ስታቲስቲክሱ ግን ለማንም አላደላም። በገዛ ጉዳይ ዳኛ መሆን የተባለው የትኛው ላይ ነው?

የዳኝነቱ ጉዳይ ከተነሣ አይቀር በውጭ ሰው በኩልም እንየው። በ1979 በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ባሮው በተባለችው ከተማ ኢኑፒያት በተባለው ነባር ሕዝብ ላይ የአልኮል ጥናት ተደረገ። ሥራውን ያዘዘው የአካባቢው መስተዳድር ራሱ ነበር፤ ይህን ለጸሐፊው አልደብቀውም። መለኪያውም ሆነ የውጤቱ አነጋገር ግን በውጭ ባለሙያዎች እጅ ነበር። እነሱም በ1980 መጀመሪያ ላይ ውጤቱን ከከተማዋ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በምትርቀው ፊላዴልፊያ ለጋዜጠኞች ይፋ አደረጉት፤ በማግስቱ አልኮል ኤስኪሞዎችን (ኢኑፒያትን የውጭ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው) እንደ መቅሠፍት እያጠቃቸው ነው የሚል ርእስ በታላቅ ጋዜጣ ወጣ። ስማቸው በዓለም ፊት ከመጠጥ ጋር የተሳሰረው የከተማዋ ሰዎች አፈሩ፣ ተቆጡም፤ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ተመራማሪ ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። (ከተማዋ በ2016 በሕዝብ ድምፅ ወደ ጥንታዊ ስሟ ወደ ኡትቂያግቪክ ተመልሳለች።)

ዓመታት ካለፉ በኋላ በዚያው በአላስካ የነባር ሕዝቦች ተወካዮች ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ስለ መጠጣችን ብዙ ተጽፏል፤ አሁን ደግሞ ያልጠጡት ወይም ጠጥተው የተዉት ወገኖቻችን እንዴት እንደቻሉ አጥኑልን። ከዚህ የተነሣው ጥናት የአንድን ሰው ሕይወት ከመጠጥ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ዕውቀት አመጣ፤ ለዛሬው የመከላከል ሥራም መነሻ ሆነ። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፦ ክፍለ ሀገሩ አንድ፣ ችግሩም አንድ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሰጠ፤ ሁለተኛው ደግሞ ለቁጥሩ ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ሰጠ። ልዩነቱ የመጣው ጥያቄውን ካወጣው ሰው ነው። ጥያቄ የማውጣት ሥልጣን የሳይንሱ አካል ነው የምለው ለዚህ ነው።

በማኅበረሰብ የሚመራ ጥናት ጥብቅ ሙከራን ይሸሻል የሚለው ግምትም ትክክል አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ከናቫሆና ከአፓቺ ማኅበረሰቦች ጋር የተዘጋጀው ፋሚሊ ስፒሪት የተባለው የቤት ለቤት የእናቶችና የሕፃናት መርሐ ግብር፣ ከማኅበረሰቡ በተመረጡ ሴት ሠራተኞች እየተካሄደ ቡድኖቹ በዕጣ በተመደቡበት ሙከራ ተፈትኗል።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። አዎን፣ ፈቃድ ይዘገያል፤ በተለይ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድና የማኅበረሰቡ ቦርድ አንዱን ሰነድ ሁለት ጊዜ ሲመረምሩት ተመራማሪው ይጉላላል። ይህ መቅለል አለበት። ነገር ግን ጥናት አምቡላንስ አይደለም። ራሱን ለመግደል ያሰበ ልጅ ዛሬ ማታ ሐኪም ዘንድ እንዳይደርስ የከለከለ የጎሣ ምክር ቤት በጽሑፉ ውስጥ አልተጠቀሰም፤ የተጠቀሱት ሁሉ የጥናት መዘግየቶች ናቸው። ፍጥነትን ከፈለግን ደግሞ የታመነ ሰው ከማይታመን ሰው ይልቅ ቶሎ ይገባል። የናቫሆ ሕዝብ በ2002 በምድሩ የዘረመል ጥናትን በሙሉ አግዷል፤ ሕጉና ቁጥጥሩ በእጁ እስኪሆን ድረስ በሩን ዘጋ። አንዴ የተዘጋ በር ከየትኛውም ፈቃድ በላይ ያዘገያል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መረጃ ይቀበራል የሚለው፣ በጽሑፉ ውስጥ በጣም የተወደደው ይመስለኛል፤ ብዙዎችም ይህን ክፍል ቀንጭበው ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የሃቫሱፓይ ሕዝብ በአሪዞና ግራንድ ካንየን ውስጥ፣ በእግር፣ በእንስሳ ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ በሚደረስበት መንደር ይኖራል። የስኳር በሽታ ስለበረታባቸው ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸውን ሰጡ። ደማቸው ግን ከስኳር በሽታ አልፎ ለስኪዞፍሬንያ፣ ለቅርብ ዘመድ ጋብቻና አባቶቻቸው ከየት ፈልሰው መጡ ለሚል ጥናት ዋለ። የመጨረሻው በተለይ ከባድ ነበር፤ ሕዝቡ ካንየኑ የፍጥረታችን ቦታ ነው ብሎ ያምናልና። ይህን ያወቁት ማንም ነግሯቸው አይደለም፤ በ2003 አንዲት የጎሣው አባል በዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ሥራ ሲቀርብ ተገኝታ የገዛ ሕዝቧ ደም እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ በመስማቷ ነው። ክርክሩ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ ለ41 አባላት 700,000 ዶላር ተከፈለ፤ የቀረው የደም ናሙናም ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። ለፍትሕ ያህል፣ የፈረሙት ቅጽ ስለ ባሕርይና ስለ ሕክምና ችግሮች ጥናት በሰፊው ይናገር ስለነበር ተመራማሪዎቹ ፈቃድ አለን ብለዋል። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል። ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ሰዎቹ ግን የተረዱት ስለ ስኳር በሽታ ብቻ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ እውነቱን የደበቀው ማን ነው? መረጃው በማኅበረሰቡ ቁጥጥር ሥር ቢሆን ኖሮ የስኪዞፍሬንያው ጥናት ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ተጠይቀው ፈቅደው፣ ውጤቱን ለራሳቸው ሕክምና ያውሉት ይሆናል። ይህን የመምረጥ ዕድል ነው ያጡት።

በዚያው በአሪዞና ሌላ ሕዝብ ደግሞ ተቃራኒውን አሳይቷል። የኋይት ማውንቴን አፓቺ ጎሣ ወጣቶቹ ራሳቸውን ሲያጠፉ አይቶ በ2001 በራሱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፦ በጎሣው ምድር የሚሠራ የጤና ሠራተኛ፣ ፖሊስ ወይም መምህር ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሙከራ ወይም ሞት ሲያጋጥመው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ጥቆማው ሲመጣ የአፓቺ ተወላጅ የሆነ ሠራተኛ ሰውየውን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ያነጋግረዋል፤ ነገሩን አረጋግጦም ወደ እርዳታ ያገናኘዋል። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራው ትንተና፣ በጎሣው ውስጥ ራስን የማጥፋት ሞት ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ከ100,000 ሰው 40 የነበረው ከ2007 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ወደ 24.7 ወርዷል፤ 38 በመቶ ያህል መቀነሱ ነው። ሕዝቡ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሞት ቁጥሩን ሊያወዛውዘው ይችላል፤ ለንጽጽር የተያዘ ሌላ ቡድንም ስላልነበረ ለውጡን ያመጣው ሥርዓቱ ብቻ ነው ልል አልችልም። ግን የጸሐፊውን ክስ እናስታውስ፦ ደስ የማያሰኘው ይቀበራል። እዚህ ጋ በዓለም ላይ ከሚነገሩት ሁሉ እጅግ የሚያሳፍረውንና የሚደበቀውን ነገር፣ ሞት ቀርቶ ሐሳቡን እንኳ፣ ማኅበረሰቡ በሕግ አስገድዶ እየቆጠረ ነው። አንድ የውጭ ተመራማሪ ይህን ግዴታ በሰዎች ላይ ልጣል ቢል የትኛውም የሥነ ምግባር ቦርድ አይፈቅድለትም፤ ሥልጣኑ ያለው የጎሣው ምክር ቤት ብቻ ነው።

በካናዳ የአርክቲክ ምድር ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑዊቶች ብሔራዊ ድርጅት በ2016 ያወጣው ራስን የማጥፋት መከላከያ ስትራቴጂም እንዲሁ ነው። የሕፃናት ጥቃትን፣ የወሲብ ጥቃትንም ጭምር፣ እንዲሁም የቤት መጣበብንና ያልታከመ ሐዘንን በግልጽ በሥር ምክንያትነት ይጠቅሳል። የራስን ቤት ጓዳ በራስ እጅ መክፈት ቀላል አይደለም።

አራተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው፤ አብዛኛውን እቀበላለሁ። በካናዳም ሆነ በአውስትራሊያ ብዙ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች በከተሞች ውስጥ ይኖራሉ፤ የአንድ መንደር ምክር ቤት ፊርማ እነሱን አይወክልም። በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባት ሴት፣ ጥቃት አድራሹ ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ ቢሆን፣ የምክር ቤቱ ፈቃድ ጋሻ ሊሆናት ቀርቶ አፍ ሊያሲዛት ይችላል። ይህን ችግር ያነሣው ግን ጸሐፊው የመጀመሪያው አይደለም። በካናዳ ሦስቱ የፌዴራል የጥናት ድጋፍ ተቋማት በ2010 ባወጡት የሥነ ምግባር መመሪያ፣ ምዕራፍ 9 ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲስ በሚባሉት የአገሩ ሦስት ነባር ሕዝቦች ላይ ስለሚደረግ ጥናት ሲደነግግ በማኅበረሰብ ውስጥ የተለያዩ ጥቅሞች እንዳሉና ተመራማሪው ከመሪዎቹ ውጭ ያሉትን፣ በተለይም ድምፃቸው የማይሰማውን፣ ሊያስብ እንደሚገባ ይናገራል። ከዚህ በታች የማነሣው፣ በካናዳዋ ክፍለ ሀገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተደረገው ጥናትም በተከታዩ ዙር የሴቶችን በአካባቢ አስተዳደር መሳተፍ ራሱን የቻለ መለኪያ አድርጎ መዝኗል፤ ሴቶች በብዛት በሚያስተዳድሩባቸው ማኅበረሰቦችም ወጣቶች ራሳቸውን የሚያጠፉበት መጠን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ማን ነው የሚናገረው የሚለው ጥያቄ በራሱ የጥናት ርእስ ሆኗል ማለት ነው። ደግሞስ ጸሐፊው የሚኒስቴሩን የባለሙያ ቡድን ወይም የዩኒቨርሲቲውን ኮሚቴ «እናንተ ማንን ትወክላላችሁ?» ሲል አላየሁም። ጥያቄው የሚነሣ ከሆነ ለሁሉም ይነሣ።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ጸሐፊው በአማካይ ቁጥር ይከራከራል፤ አማካይ ደግሞ በዚህ ርእስ ክፉኛ ያሳስታል። ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ በ1998 ባሳተሙት ጥናት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኙ 200 የሚጠጉ የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦችን አንድ በአንድ አዩ። በክፍለ ሀገሩ ደረጃ የወጣቶቹ ራስን የማጥፋት መጠን አስደንጋጭ ነበር። ማኅበረሰቦቹ ሲነጣጠሉ ግን ከግማሽ የሚበልጡት በጥናቱ ዓመታት ውስጥ ራሱን ያጠፋ አንድም ወጣት አልነበራቸውም፤ ከሞቱት 90 በመቶ የሚሆኑት የተገኙት 15 በመቶ ባልሞሉ ማኅበረሰቦች ውስጥ ነበር። ጥናቱ ስድስት ነገሮችን ለካ፦ ራስን በራስ ማስተዳደርን፣ ለመሬት ይዞታ የሚደረግ ክርክርን፣ በትምህርት፣ በጤና፣ በፖሊስና በእሳት አደጋ አገልግሎት ላይ ያለን የራስ ቁጥጥር፣ ለባህል የተለየ ሕንፃንም። ስድስቱም ባሉባቸው ማኅበረሰቦች በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም የወጣት ሞት አልተመዘገበም። ሁለቱ ተመራማሪዎች የፈርስት ኔሽንስ ተወላጆች አልነበሩም፤ ጥናቱም ዝምድናን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም፤ ደኅና የሆነ ማኅበረሰብ ነው ራሱን ማስተዳደር የሚችለው ብሎ መገልበጥ ይቻላል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን «የነባር ሕዝቦች ራስን ማጥፋት» የሚባል አንድ ወጥ ነገር አለ ብሎ በአማካዩ ላይ ፖሊሲ መሥራት ከዚህ ጥናት በኋላ አይቻልም። ችግሩ የሌለባቸው ከግማሽ በላይ ናቸው፤ እነሱ ምን ያውቃሉ ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል።

የባህል ሐኪም ሕክምናን ይተካል የሚለው ክስ ደግሞ በተግባር የሚታየውን አይመስልም። በማዕከላዊ አውስትራሊያ ንጋንካሪ የሚባሉት ባህላዊ ፈዋሾች በአካባቢው ሴቶች ምክር ቤት ሥር ሆነው ከክሊኒኮች ጋር አብረው ይሠራሉ፤ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ የአእምሮ ሐኪሞች ኮሌጅ ራሱ በ2009 ሸልሟቸዋል። ከ2012 ጀምሮም ከአእምሮ ሐኪሞችና ከሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው የስሜት ቃላትን በሁለቱም ወገን ቋንቋ ሲያቃኑ ቆይተዋል። በኒው ዚላንድ የነባሩ የማኦሪ ሕዝብ ተወላጅ የሆነው የአእምሮ ሐኪም ሜሰን ዱሪ በ1980ዎቹ ያቀረበው፣ ጤናን አካል፣ አእምሮ፣ መንፈስና ቤተሰብ የሚባሉ አራት ግድግዳዎች እንዳሉት ቤት አድርጎ የሚያሳይ ማዕቀፍም ሕክምናን አላስወጣም፤ አእምሮ ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ሆኖ እዚያው አለ። ከላይ የጠቀስሁት የኢኑዊቶቹ ስትራቴጂ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተደራሽነትን ከስድስቱ ዋና ዋና ዓላማዎች አንዱ አድርጎታል። አንድ የተለየ ማኅበረሰብ ሕክምናን ከልክሎ ከሆነ ጸሐፊው ያሳየን፤ እኔም አብሬው እነቅፋለሁ።

ውጤት አላመጣም ለሚለው ደግሞ፣ በኒው ዚላንድ የማኦሪ የጤና ባለሥልጣን የተባለው መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2022 ተቋቁሞ በ2024 አጋማሽ በመንግሥት ውሳኔ ተዘግቷል። ሁለት ዓመት ብቻ ከሥራ ላይ የቆየን ተቋም ራስን በማጥፋት ስታቲስቲክስ መመዘን ሕፃንን ለምን አልሮጥህም እንደ ማለት ነው።

ጸሐፊው ለማኅበረሰቡ መርሐ ግብሮች በቂ ግምገማ አይደረግም ያለው ግን እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ገንዘባቸው ሲያልቅ ያለ ምንም ዘገባ ይጠፋሉ። እዚህ ላይ እስማማለሁ። የማልስማማው መለኪያውን ከውጭ አምጥቶ መጫኑ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ አላስካ ዩፒክ የተባለው ነባር ሕዝብ ማኅበረሰቦች ከዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የሚያካሂዱት ቁንጋስቪክ የተባለ መርሐ ግብር አለ፤ ቃሉ የመሣሪያ ሣጥን ማለት ነው። ሽማግሌዎችና ወላጆች በየመንደራቸው ራሳቸው እየመረጡ፣ ከአደን፣ ከዓሣ ማጥመድና ከበረዶ ላይ ጉዞ ጋር የተያያዙ ሥራዎችን ለወጣቶቹ ያስተምራሉ። እነዚህ መንደሮች በጥቂት መቶ የሚቆጠር ሕዝብ ያላቸው ናቸው። የሞትን ቁጥር መለኪያ ቢያደርጉ አንድ ሞት ሥራውን በሙሉ ከንቱ፣ የሞት አለመኖርም ሥራውን በሙሉ ስኬት ያስመስለው ነበር። ስለዚህ ማኅበረሰቡና ተመራማሪዎቹ ሌላ መለኪያ አበጁ፦ አንድ ልጅ ለመኖር ምን ምክንያት አለው የሚለውን፣ ስለ መጠጥ መዘዝ የሚያደርገውን ማሰላሰልም። ሥራው በብዛት የተሠራበትን መንደር በጥቂቱ ከተሠራበት ጋር ሲያነጻጽሩ የመኖር ምክንያቶቹ ጨምረው ተገኙ፤ በመጠጡ ጥያቄ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ሁለቱንም ውጤት፣ የተሳካውንም ያልተሳካውንም፣ አሳትመዋል።